ተራራ እንዴት ዜማ ይሆናል?

ሮበርት ሹማን ጆሮው የተመሰከረለት ሰው ነበር። ራሱ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ፣ በዚያ ላይ በዘመኑ ብዕራቸው ከሚከበር የሙዚቃ ሐያስያን አንዱ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1843 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ወዳጁ ስለ ጀርመናዊው ደራሲ ስለ ፌሊክስ ሜንደልሶን ሦስተኛ ሲምፎኒ (ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚደረስ ባለ ብዙ ክፍል ሥራ) ጻፈ። ሥራው በጣሊያን ምድር የተጠነሰሰ መስሎት፣ ሙዚቃው ጣሊያንን አይቶ የማያውቅን ሰው እንኳ የሚክስ የዚያች አገር ሥዕል እንደያዘ በአድናቆት ገለጸ።

ሲምፎኒው ግን የስኮትላንድ ነበር። ሜንደልሶን የመክፈቻው ዜማ የመጣለት በሐምሌ 1829 መጨረሻ፣ በሃያ ዓመቱ፣ ኤድንብራ ውስጥ የሚገኘውን የሆሊሩድን ቤተ ጸሎት ሲጎበኝ ነው። ቤተ ጸሎቱ ጣሪያው ፈርሶ፣ ሣርና ሐረግ ወርሶት ነበር። የስኮትላንድ ሲምፎኒውን መነሻ በዚያ ዕለት፣ በዚያ ቦታ ያገኘ እንደሚመስለው ለቤተሰቡ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ለመጨረስ እስከ 1842 ቆየ። ጉም የለበሰችው ስኮትላንድ በሹማን ጆሮ ፀሐያማዋ ጣሊያን ሆነች ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ፈጥነው ይደመድማሉ፤ ሙዚቃ ስለ ቦታ የሚናገረው ነገር የለም፣ ርእሱን ካነሡለት ድምፅ ብቻ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሹማን የሳተው የአገሩን ስም ነው። ሰፊ ቦታ ላይ የቆመ ወጣት፣ ያለፈ ዘመን ፍርስራሽ፣ ሰውን የሚያሳንስ ዝምታ፤ እነዚህ በኖታው ውስጥ ነበሩ፣ ሹማንም ሰምቷቸዋል። እንዲያውም ስሕተቱ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መግቢያ ይመስለኛል፤ ቦታ ወደ ሙዚቃ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚገባና ምን ከበር እንደሚቀር ያሳየናልና።

ሠዓሊ ተራራ ሲሥል ተራራው በሸራው ላይ ይታያል። የሙዚቃ ደራሲ ግን ቀለም የለው፣ ቅርፅ የለው፤ በእጁ ያሉት ድምፅና ጊዜ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የተራራውን መልክ ትቶ ተራራው ሰው ላይ የሚያደርገውን ነገር ይወስዳል፤ እርምጃን ማዘግየቱን፣ ትንፋሽን ማሳጠሩን፣ ጩኸትን ተቀብሎ መመለሱን፣ ዐይንን ወደ ሩቅ መሳቡን። መልክዐ ምድር ወደ ሙዚቃ የሚገባው በሰው አካል በኩል አልፎ ነው። ይህን ከያዝን ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ይገለጣል።

ድምፅን መቅዳት፣ የቀላሉ መንገድ ወሰን

ብዙ ሰው ስለ ተፈጥሮና ሙዚቃ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያስበው ቅጂውን ነው፤ የወፍ ድምፅ፣ ነጎድጓድ፣ የጅረት ፍሰት። እውነት ነው፣ መንገዱ አለ። ቤትሆቨን በ1808 ለሕዝብ ባቀረበው ስድስተኛ ሲምፎኒው፣ «ፓስቶራል» (የገጠር) በሚባለው ሥራ፣ ከሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሦስት ወፎችን በስማቸው ጠርቶ አስገብቷል። ናይቲንጌሏን ለፍሉት፣ ድርጭቷን ለኦቦ፣ ኩኩን ለክላሪኔት፣ ለሦስት የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ሰጣቸው። በአራተኛው ክፍል ማዕበሉ ሲመጣ ደግሞ ወፍራም ድምፅ ካላቸው የአውታር መሣሪያዎች ቼሎዎቹ አምስት ኖታ በሚጫወቱበት ጊዜ ደብል ባሶቹ አራት ይጫወታሉ። ሁለቱ ስለማይገጥሙ ከታች የሚሰማው ዜማ መሆኑ ቀርቶ የሩቅ ነጎድጓድ ጉርምርምታ ይሆናል። ይህን ሲጽፍ የመስማት ችሎታው እየከዳው ነበር።

ነገር ግን ቤትሆቨን ራሱ በሥራው ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል፤ «ከሥዕል ይልቅ የስሜት መግለጫ» የሚል። ወፎቹ የሚዘምሩት ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው። ገጠሩን ገጠር ያደረገው ሌላ ነገር ነው፣ እርሱንም ለማግኘት ወደ መጀመሪያው ክፍል መመለስ ያስፈልጋል። ሲምፎኒው ሲከፈት ከሥር ሳይቋረጥ የሚዘልቅ አንድ ወፍራም ድምፅ አለ፤ ምድር ከእግር በታች እንዳለች ሁሉ ዝም ብሎ አለ። ወደ መሐል ስንደርስ ደግሞ አንዲት አጭር የዜማ ቁራጭ ተይዛ ደጋግማ፣ ደጋግማ፣ በደርዘን ለሚቆጠር ጊዜ ትመለሳለች። ዜማዋ አይለወጥም፤ ከሥሯ ያለው ሃርሞኒ (አብረው የሚሰሙት ድምፆች ስምምነት) ብቻ ከረጅም ቆይታ በኋላ ዞር ይላል፣ ያን ጊዜም ብርሃን በመስክ ላይ የተለወጠ ይመስላል። ቅጠል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለት አንድ ዓይነት ቅጠል ግን የለም። በዛፎች መካከል ለብቻው ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤትሆቨን የቀዳው የዛፉን ድምፅ ሳይሆን በዛፎች መካከል የሚያልፈውን ጊዜ ነው።

ለወፎች ከሁሉ በላይ የታመነው ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ሜስያን ነው። ለዓመታት እርሳስና ወረቀት ይዞ በየጫካው እየተቀመጠ የወፍ ዜማ በኖታ ጽፏል፤ ከ1956 እስከ 1958 ባሉት ዓመታትም ለፒያኖ አሥራ ሦስት ክፍል ያለው ትልቅ ሥራ በወፎች ስም ደርሷል። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ወፏን ብቻዋን አልተዋትም። የምትዘምርበትን ሰዓት፣ ዐለቱን፣ ውኃውን፣ የምሽቱን ቀለም አብሮ ጻፈ፤ ወፍ ያለ ቦታዋ ግማሽ ወፍ ናት ብሎ ያምን ይመስል። በ1972 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ውስጥ የሚገኘውን የብራይስ ካንየንን ቀይና ብርቱካናማ ዐለት አየ። ሜስያን ድምፅ ሲሰማ በውስጡ ቀለም የሚያይ ሰው ስለነበር ዐለቱ ለእርሱ በቀጥታ ወደ ሃርሞኒ ተመነዘረ። ከዚያ ጉብኝት የተወለደውና በ1974 ኒውዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ሥራ አሥራ ሁለት ክፍል አለው። በውስጡ የነፋስ ማሽን ይሰማል፤ ምድርን እንዲያሰማ ራሱ የፈለሰፈው መሣሪያም አለ፣ ከበሮ የሚመስል ዕቃ ውስጥ ተጨምረው የሚንሻተቱ ጥቃቅን የብረት እንክብሎች። ዩታ ውስጥ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ተራራ አለ።

ቦታው መሣሪያውን ሲሠራ

ከቅጂው የጠለቀ፣ ብዙ ጊዜም የማይነገርለት መንገድ አለ። ቦታ ገና ደራሲው ብዕር ሳያነሣ መሣሪያውንና ድምፁን አስቀድሞ ይቀርጸዋል።

በአልፕስ ተራሮች ረጅም የእንጨት መለከት አለ፣ አልፕሆርን ይባላል። ቁመቱ ከሦስት ሜትር ያልፋል። ቀዳዳ የለውም፣ መጫኛ ቁልፍም የለውም። እረኛው ከንፈሩን እያጠበቀና እያላላ የሚያወጣቸው ድምፆች ቱቦው በተፈጥሮው የሚሰጣቸው ብቻ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር አሥራ አንደኛው የተፈጥሮ ድምፅ ፒያኖ ላይ የለም፤ በፋ እና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ጥቁር ቁልፍ መካከል ይወድቃል። ለከተማ ጆሮ የተሳሳተ ይመስላል። በስዊዘርላንድ አንዳንድ ሸለቆዎች ግን ሰዎች ያለ መሣሪያ ሲያዜሙም ይህችኑ ድምፅ ያወጣሉ። መለከቱ የረዘመው ድምፁ ከአንዱ አፋፍ ወደ ሌላው እንዲደርስ ነው፤ ሸለቆው መለከቱን ቀረጸ፣ መለከቱ ዜማውን፣ ዜማው ደግሞ የሰዎቹን ጆሮ።

ዮሐንስ ብራምስ በ1868 በዚያ አገር ሳለ አንድ የአልፕሆርን ዜማ ሰማና መስከረም ላይ የሮበርት ሹማን ሚስት ለነበረችው ለክላራ ሹማን የልደት መልካም ምኞት አድርጎ ላከላት። ከኖታው በታች «ከተራራው ላይ፣ ከሸለቆው ጥልቀት፣ ሺሕ ጊዜ ሰላም እልሻለሁ» የሚል ቃል ነበረው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ የመጀመሪያው ሲምፎኒው ተሰማ። የመጨረሻው ክፍል በጨለማና በጭንቅ ተጀምሮ ሲንገዋለል ድንገት ጭንቀቱ ይሰበራል። የአውታር መሣሪያዎቹ ድምፃቸው ታፍኖ ይንቀጠቀጣሉ፣ በላያቸውም ያ የእረኛ ዜማ በሆርን፣ በኦርኬስትራው መለከት፣ ይወጣል። ከዚያ ፍሉቱ ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ሌላ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው መልስ የሰጠ ያህል። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ደረቴ ይሰፋል። ብራምስ ስለ ተራራ አንድ ቃል አልጻፈበትም። ርቀቱ ግን በዜማው አጥንት ውስጥ አለ፤ ከሩቅ ለሩቅ እንዲሰማ የተሠራ ዜማ ነውና።

ደን ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በቦሳቪ ተራራ ግርጌ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ካሉሊ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ፌልድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አብሯቸው ኖሮ ሙዚቃቸውን አጥንቷል። በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ ዐይን ሩቅ አያይም፤ ወንዙ ወዴት እንደሆነ፣ ፏፏቴው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ወፏ ከየትኛው ከፍታ እንደምትጮኽ የሚነግረው ጆሮ ነው። የካሉሊ ሰዎች ስለ ዜማ ሲናገሩ የሚጠቀሙባቸው ቃላት የውኃ ቃላት ናቸው፤ ዜማ ሲወርድ ፏፏቴ ይወርዳል፣ ከታች ሲረጋም ፏፏቴው የሚያርፍበት ኩሬ ይሆናል። አብረው ሲዘፍኑ ሁሉም በአንድ ላይ እኩል አይገጥሙም፤ የአንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየተነባበረ፣ እየቀደመና እየዘገየ ይሄዳል፤ ደኑም የሚሰማው እንደዚያው ነው። በሥነ ሥርዓት ዘፈኖቻቸው ደግሞ ዘፋኙ የቦታ ስሞችን በቅደም ተከተል ይጠራል፤ ይህን ጅረት፣ ያንን ኮረብታ፣ ያችን አሮጌ ማሳ። አድማጩ በሐሳቡ መንገዱን እየተከተለ ሄዶ ከሞተ ዘመዱ ጋር አብሮ የሠራበት ቦታ ላይ ሲደርስ እንባው ይፈሳል። ስለ ቦታና ሙዚቃ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ዘፈኑ ቦታውን አይገልጸውም፤ ሰሚውን በእግሩ ይወስደዋል።

በሌላው ጫፍ ዛፍ የሌለበት የቱቫ ሜዳ አለ፣ በሳይቤሪያ ደቡብ። የዚያ አገር ዘፋኞች ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ ያወጣሉ፤ ከታች እንደ ንብ የሚያጉረመርም፣ ከላይ እንደ ፉጨት የሚንሳፈፍ። ከስልቶቻቸው አንዱ በድንጋይ ላይ የሚንከባለል ውኃን የሚከተል ነው። ዘፋኙ ቦታ መርጦ፣ ከወንዙ አጠገብ ወይም ከገደሉ ፊት ቆሞ ማዜምን ይወዳል። ወንዙ ያዜማል፣ እርሱ ይመልሳል።

ግንብም ቦታ ነው። በ1500ዎቹ መጨረሻ ጆቫኒ ጋብሪኤሊ በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ባዚሊካ ሲሠራ ዘማሪዎቹንና ነፊዎቹን በተለያየ ሰገነት ላይ አቁሞ እንዲመላለሱ አደረገ። ጉልላቶቹ ድምፅን ቶሎ ስለማይለቁ ሃርሞኒው ቀስ ብሎ መለወጥ ነበረበት፤ ከፈጠነ ሁሉም ተደባልቆ ይጠፋል። የእርሱን ሙዚቃ በጠባብ ክፍል ውስጥ የሰማ ሰው ለምን እንዲህ እንደዘገየ ላይገባው ይችላል።

ርቀትና ጊዜ በኖታ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንድ ደራሲ ባሕር ዳር ወይም ተራራ ጫፍ ቆሞ ሲመለስ በወረቀቱ ላይ በትክክል ምን ያደርጋል?

ሜንደልሶን በዚያው 1829 ነሐሴ በስኮትላንድ ምዕራብ ወዳሉት ወደ ሄብሪዲስ ደሴቶች ተሻገረ። በወሩ በሰባተኛው ቀን ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደሴቶቹ እንዴት እንደነኩት እንዲገባቸው ብሎም በዚያ ሳለ የመጣለትን የሙዚቃ መክፈቻ በኖታ አስቀመጠላቸው። ይህ መክፈቻ ዛሬ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። አንዲት አጭር የምትወርድ የዜማ ቁራጭ ከታች፣ በቪዮላ፣ በቼሎና በባሱን ትጀምራለች። ወርዳ ሳታርፍ እንደገና ትነሣለች፤ ከዚያ ያችው ቁራጭ ከፍ ካለ ቦታ፣ ቀጥሎም ከዚያ ከፍ ካለ። ከላይ ቫዮሊኖቹ አንድ ረጅም ድምፅ ይዘው ይቆማሉ። የሚንቀሳቀሰው ከታች ነው፣ የማይንቀሳቀሰው ከላይ። ማዕበልና አድማስ። ማዕበሉም በእያንዳንዱ ምላሽ ያው ነው፣ ግን ያው አይደለም። ባሕር ዳር ቆሞ ውኃ የቆጠረ ሰው ሁሉ በደሙ የሚያውቀው ነገር ነው።

ሰፊነትን ለማሰማት ሌላው ዘዴ መሐሉን ባዶ መተው ነው። አንድ ቀጭን ዜማ ከላይ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ከታች፣ በመካከላቸው ምንም። ጆሮ ያን ክፍተት እንደ ሜዳ ይሰማዋል፤ መሐሉ በድምፅ ከተሞላ ግን ቦታው ክፍል ይሆናል፣ ግድግዳ ይበቅልለታል። ርቀትን ለማሰማት ደግሞ አንድን ሐረግ ጮክ አድርጎ ተጫውቶ ወዲያው ዝግ አድርጎ መድገም ይበቃል፤ የገደል ማሚቶ ነው። በእኔ ጆሮ ከእነዚህ ሁሉ የሚረቅቀው ግን የፊንላንዱ ዣን ሲቤሊየስ ያደረገው ነው።

ሲቤሊየስ ከ1904 ጀምሮ ከከተማ ወጥቶ ቱሱላ ሐይቅ አጠገብ በጫካ ውስጥ በተሠራ የእንጨት ቤት ኖረ። የቧንቧ ውኃ ድምፅ እንዳያውከው እርሱ በሕይወት ሳለ ቤቱ ውስጥ ቧንቧ አልገባም። በሚያዝያ 21 ቀን 1915 አሥራ ስድስት ስዋኖች፣ እነዚያ አንገተ ረጃጅም ነጫጭ የውኃ ወፎች፣ በላዩ ሲዞሩ አየ። በሕይወቱ ካጋጠሙት ታላላቅ ነገሮች አንዱ እንደሆነ በማስታወሻው ጻፈ፤ ወፎቹ እንደ ብር ጥብጣብ ሆነው በፀሐይ ጭጋግ ውስጥ ሲጠፉ እየተመለከተ። ከዚያ በአምስተኛው ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል ሆርኖቹ የሚያወዛውዙት ግርማ ያለው ዜማ መጣ።

ልብ ብለው ያዳምጡት። የአውታር መሣሪያዎቹ ሲበሩ፣ ሲቸኩሉ ይጀምራሉ። ከዚያ ሆርኖቹ በሰፊ እርምጃ ይወዛወዛሉ። ከሁሉም በታች ባሶቹ ያንኑ የሆርን ዜማ በሦስት እጥፍ ዝግታ ይይዛሉ። በአንድ ጊዜ ሦስት ፍጥነት ይሰማል። ይህ በባቡር መስኮት የሚያይ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ አጠገቡ ያለው ቁጥቋጦ ይበራል፣ መካከል ያለው ዛፍ ያዘግማል፣ ከሩቅ ያለው ተራራ ጭራሽ የቆመ ይመስላል። ዐይን ጥልቀትን የሚለካው በዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው። ሲቤሊየስ ይህን ለጆሮ ሠራው። ስዋን የሚመስል ድምፅ በሙዚቃው ውስጥ የለም፤ የሰማዩ ስፋት ግን አለ።

በእኛ ዘመን ይህን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደው አሜሪካዊው ጆን ሉተር አዳምስ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት አላስካ ውስጥ የኖረ። በ2013 ሲያትል ውስጥ በተሰማው የውቅያኖስ ሥራው ኦርኬስትራው በሦስት ቡድን ይከፈላል። እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ርዝመት ያብጣል፣ በራሱ ርዝመት ይሸሻል፤ በጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ የሦስቱም ጫፍ ይገጥማል፣ ያን ጊዜም አዳራሹ ይንቀጠቀጣል። አርባ ደቂቃ ያህል የሚዘልቅ ሲሆን በ2014 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ዜማ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ ፌርባንክስ ውስጥ ባለ ሙዚየም አንድ ክፍል ሠርቷል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሚመራው በምድር መንቀጥቀጥ መለኪያ፣ በአየር ጠባይና በምድር መግነጢስ መረጃ ነው። ቀን ሲሆን አንድ ዓይነት ነው፣ ሲመሽ ሌላ። ደራሲው ሕጉን ይጽፋል፤ ኖታውን ምድሪቱ ትጽፋለች።

ከቦታው ርቆ መጻፍ

አሁን ደግሞ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር። የሄብሪዲስ ሙዚቃ ዛሬ ስታፋ በምትባል ደሴት ላይ ባለ ታዋቂ የባሕር ዋሻ ስምም ይጠራል። ሜንደልሶን ግን ያን ዋሻ ያየው መክፈቻውን ለቤተሰቡ ከላከ በማግስቱ ነው። አብሮት የተጓዘው ወዳጁ እንደጻፈው ባሕሩ ለሆዱ አልተስማማውም ነበር። ሥራውን የጨረሰው በ1830 ሮም ውስጥ ነው፤ ከዚያም አልረካበትም። መካከለኛው ክፍል ከዓሣ ነባሪ ዘይትና ከባሕር ወፍ ይልቅ ዜማን በዜማ ላይ የማነባበር የትምህርት ሕግ ይሸታል ብሎ ራሱን ወቀሰና እንደገና ሠራው። ዐረፍተ ነገሩን እወደዋለሁ፤ ቦታው በሙዚቃው ውስጥ እንዲሸት የፈለገ ሰው ቃል ነውና።

ክሎድ ደቡሲም በ1903 ስለ ባሕር የሚናገረውን ትልቅ ሥራውን ሲጀምር የተቀመጠው ቡርገንዲ ውስጥ ነበር፤ ከባሕር የራቀ፣ ኮረብታና የወይን እርሻ ያለበት አገር። ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ውቅያኖስ የቡርገንዲን ኮረብታዎች እንደማያጥብ አምኖ፣ ነገር ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ትዝታ እንዳለውና ይህም ከእውነታው ይበልጥ እንደሚጠቅመው ገለጸ። ይህ ከሥራው ባሕርይ የተነሣ ይመስለኛል። ባሕሩ ፊት ለፊት ሲሆን ዐይን ሁሉን ይይዛል፣ ለጆሮ ቦታ አይተርፍም። ወራት ሲያልፉ ዝርዝሩ ይረግፍና የሚቀረው እንቅስቃሴው ብቻ ይሆናል፤ ለሙዚቃ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። በአንጻሩ ጉስታቭ ማህለር በሐይቅ ዳር ባሠራት ትንሽ ጎጆ ውስጥ፣ ተራራውን ከመስኮት እያየ ይጽፍ ነበር። በ1896 የበጋ ወራት ወጣቱ የኦርኬስትራ መሪ ብሩኖ ቫልተር ሊጎበኘው መጥቶ ወደ ገደሎቹ ቀና ሲል ማህለር «ወደዚያ ማየት አያስፈልግህም፤ ሁሉንም በሙዚቃ ጽፌዋለሁ» አለው። ያን ጊዜ ሦስተኛውን ሲምፎኒ እየጨረሰ ነበር።

አድማጩስ?

ወደ ሹማን ስሕተት ልመለስ፣ ብቻውን አይደለምና። አሮን ኮፕላንድ በ1944 ለማርታ ግራሃም የዳንስ ቡድን ሙዚቃ ሲደርስ በወረቀቱ ላይ የነበረው ርእስ «ለማርታ የተሠራ ባሌ» ብቻ ነበር። «የአፓላቺያን ስፕሪንግ» የሚለውን ስም ግራሃም ከአንድ ግጥም ወስዳ የሰጠችው ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ኮፕላንድ ዕድሜውን ሙሉ የአሜሪካዎቹ የአፓላቺያን ተራሮች በሙዚቃው ውስጥ በግልጽ እንደሚታዩአቸው የሚነግሩት ሰዎች ያጋጥሙት ነበር። የኖርዌዩ የኤድቫርድ ግሪግ «ማለዳ»ም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው የኖርዌይ ባሕር በተራሮች መካከል ገብቶ ብርሃን ሲያገኝ ያያል። ሙዚቃው በተደረሰለትና በ1876 መድረክ ላይ በወጣው ተውኔት ውስጥ ግን ያ ፀሐይ የምትወጣው ሞሮኮ ላይ ነው።

እነዚህ አድማጮች ተታለሉ አልልም። የኮፕላንድ ሙዚቃ መሐሉ የተራቆተ፣ ድምፆቹ የተራራቁ ነው፤ ስፋቱ እውነተኛ ነው። የግሪግ ዜማ በፍሉትና በኦቦ እየተቀባበለ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ንጋቱ እውነተኛ ነው። ርእሱ የሚያደርገው ለዚያ ስፋትና ለዚያ ንጋት አድራሻ መስጠት ነው። አድራሻውን አድማጩ ከራሱ ሕይወት ይሞላዋል፤ ሰው የማያውቀውን ተራራ በሚያውቀው ኮረብታ ያያል።

አድራሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ሰዎች የሚሟገቱለት ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ማክስዌል ዴቪስ ከ1971 ጀምሮ በስኮትላንድ ሰሜን ባሉት በኦርክኒ ደሴቶች ኖረ። በስትሮምነስ ከተማ አቅራቢያ የዩራኒየም ማዕድን ለማውጣት ሐሳብ ሲነሣ በ1980 የተቃውሞ ዝግጅት ደረሰ፤ ከዚያ ውስጥ ለከተማዋ የስንብት የሚሆን አንድ ጸጥ ያለ የፒያኖ ዜማ አለ። የግራ እጁ አካሄድ አገሩን ጥሎ የሚወጣ ሰው እርምጃ ነው። ማዕድኑ አልተቆፈረም፣ ስንብቱም አላስፈለገም፤ ዜማው ግን ዛሬም ይሰማል።

የቼኩ ደራሲ ቤድርዢህ ስሜታና ስለ ቭልታቫ ወንዝ ሲጽፍ አገሩ ቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ ክፍል፣ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። ወንዙን ከምንጩ ጀምሮ እስከ ፕራግ ተከትሎ መጻፍ ብቻውን ይህች ምድር የማን እንደሆነች መናገር ነበር። ሁለቱ ምንጮች በፍሉቶች ይንጠባጠባሉ፣ ክላሪኔቶች ይቀላቀላሉ፣ ከዚያ ትልቁ ዜማ ይፈስሳል፤ አዳኞች በጫካ፣ ሠርግ በመንደር፣ ጨረቃ በውኃ ላይ። ቀጥሎ የቅዱስ ዮሐንስ ወራጅ ይመጣል፤ ወንዙ በዐለት መካከል ተጨንቆ የሚያገሳበት ቦታ፣ ኦርኬስትራው ሁሉ የሚነሣበት። ስሜታና ይህን የጻፈው በ1874 መጨረሻ፣ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ ጨርሰው ተዘግተው ነበር። በሚቀጥለው ሚያዝያ ፕራግ ውስጥ ሲጫወቱት አንድም ድምፅ አልሰማም።

ወራጁ አሁን የለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከታቹ በተሠራ ግድብ ውኃው ተነሥቶ ዐለቶቹን ዋጣቸው፤ ዛሬ በላያቸው ጸጥ ያለ ሐይቅ ተኝቷል። ያ ግሣት የሚሰማው ስሜታና በጻፈው ቦታ ላይ፣ ትልልቆቹ ከበሮዎችና የናስ መለከቶቹ አብረው ሲነሡ ብቻ ነው።